የአበልጄ ከረጢት

ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የደረስነው ለበረራው ገና ብዙ ሰዓት ሲቀረው ነው። ልጄ ከምንኖርበት ከሮተርዳም ዙይድ ከተነሳን ጀምሮ አኩርፋለች።

«ፓፓ፣ ማን በዚህ ሰዓት ይሄዳል?» አለችኝ ባቡር ውስጥ።

ዘግይቶ የሚሮጥ ሰው ለሌላው ሰው ጊዜ ክብር የለውም አልኳት። ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ ጠበቅ አደረገችው።

አዲስ አበባ የምንሄደው አሮጊት እናቴን ልንጠይቅ ነው። ሻንጣ ማስረከቢያው ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ አበልጄ መጣች። ልጄን ክርስትና ያነሳች፣ እዚህ ቅርብ ባለችው ዲመን ከተማ የምትኖር፣ ሆቴል የምታጸዳ ሴት ናት። ልትሸኘን የመጣች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። በእጇ ግን አፉ በሲባጎ የተሰፋ ትልቅ ከረጢት ይዛለች።

«ለወንድሜ ነው። ቀላል ነው፣ ላባ በለው» አለች።

«ምን አለበት?»

«ልብስ ነዋ!»

«እንግዲያው ፍቺውና ልየው።»

ያላየሁትን ዕቃ አልሸከምም። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከሥራ መልስ ለብቻዬ እያነበብኩ፣ ሰውም ሲጎዳ እያየሁ ነው። ያገሬ ሰው የተሰፋ አደራ ፍቱ መባልን እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። እኔ ደግሞ ስድቡ ሳያሳዩ ማስያዝ ነው እላለሁ።

«እኔን ነው? ልጅህን ከጥምቀት በክንዴ የተቀበልኩትን? ጉምሩክ ሆነህ ጠበቅኸኝ?»

«ጉምሩኩ ሳያየው እኔ ልየው ነው የምልሽ።»

«ጡር አትፈራም አንተ ሰው!»

«ፓፓ፣ በቃ። ሰው እያየን ነው» አለች ልጄ።

እኔ ካልተፈታ አልይዝም ብዬ ቆምኩ። አበልጄም መሬት ተቀምጣ ሲባጎውን በጥርሷ በጠሰችው። ከላይ ሁለት ፎጣ ነበር። ከሥሩ እስከ አፍ ድረስ የተጠቀጠቀው የአዋቂ ዳይፐር ነው።

«ይኸው፣ እየው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከወደቀ ጀምሮ ከአልጋ አልተነሳም። እዚያ ውድ ነው፤ እንዳያልቅበት አንዱን ቀኑን ሙሉ ይለብሰዋል። ገላው ቆስሏል። ቤተ ክርስቲያን ሲጠይቁኝ ደህና ነው ነው የምላቸው።»

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ...»

«ላንተ? ተወው፣ አልሰጥህም።»

ከረጢቱን ታቅፋ ሄደች። ልጄ ሻንጣዋን ጥላ ተከተለቻት። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ፣ የገላ ቁስል ምን እንደሆነ ከሁለታችንም ይልቅ ታውቃለች። ምን ብላ እንደለመነቻት አልሰማሁም። ከረጢቱን ይዛ ተመለሰች፤ አበልጄም ከሰልፉ ጎን ፊቷን አዙራ ቆመች።

ተራችን ደረሰ። ዕቃ ተቀባይዋ ሴት ሁሉንም ራሳችን ያሰናዳነው እንደሆነ ጠየቀችን።

«አዎ» አለች ልጄ።

«አይደለም» አልኩ እኔ። ደችኛዬ ሻካራ ነው፤ ስናገርም እጮኻለሁ። «ይኼኛው የሌላ ሰው ነው። አስፈትቼ አይቼዋለሁ። አልጋ ላይ ለዋለ ትልቅ ሰው የሚላክ ዳይፐር ነው።»

ተቀባይዋ ከረጢቱን አንስታ መዘነችና በእጅ መያዝ እንደምንችል ነገረችን። ከኋላችን በአማርኛ ሲያወሩ የነበሩ ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው አበልጄን አዩዋት። ዞር ስል አበልጄ ሄዳለች። ልጄን እንኳ አልሳመቻትም።

መሳፈሪያው በር ጋ ልጄ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋለች።

«ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«አንተ ለምን ጮህክ?»

«ስለተጠየቅሁ ነዋ።»

«የጠየቀችህ ራስህ አሰናድተኸዋል ወይ ብላ ነው። ውስጡ ምን አለ አላለችህም።»

ነገም የተሰፋ ከረጢት ቢሰጡኝ አስፈታለሁ፤ በዚህ አልጸጸትም። ያየሁትን ለሰልፈኛው ማሰማት ግን ማንም ያላዘዘኝ ነገር ነበር። ይህን ልነግራት ፈልጌ ነበር። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው፤ «አባትሽን እንደ እኩያሽ አታናግሪ» አልኳት።

«እሺ» አለች። «አዲስ አበባ ስንደርስ ለሰውዬው የማደርስለት እኔ ነኝ። አንተ ቤቱ እንዳትመጣ።»

ተሳፈሩ ተባለ። ከረጢቱን ልያዝልሽ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልፋኝ ሄደች።