ሁለተኛው ቁጥር

ከደሴ የመጡት ሽበታም ባለሙያ ሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ደርሰውም ሹራባቸውን አላወለቁም። የፋብሪካው ሰርቨሮች ሲግሉ ወይም መብራት ሲያባክኑ ስልክ እስኪነሳ ድረስ እየደጋገመ ደውሎ የሚያስጠነቅቅ ሲስተም እየገጠሙ ነው። ጥበቃዋ ሸሪፋ በሩ ላይ ቆማ ታያቸዋለች። የኃላፊውን ቁጥር ከወረቀት አይተው አስገቡ፤ ሁለተኛውን ግን በቃላቸው። ሲሞክሩት፣ «የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም» ሲል የተቀዳ የሴት ድምፅ መለሰ።

«ጋሼ፣ አይሠራም እኮ፤ በሌላ አይቀይሩትም?» አለች ሸሪፋ።

«የልጄ ነው» አሉ፣ መነጽራቸውን በሹራባቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ከጦርነቱ ወዲህ ስደውል ስደውል እኔ ደከመኝ። ማሽን አይደክመውም፤ እሱ ይደውልልኝ።»

«አብሽሩ» ልትላቸው አፏን ስትከፍት፣ ማሽኑ ያንኑ ቁጥር እንደገና መደወል ጀመረ።