አማረች ከመኪናው የወረደችበት ቀን

ፊት ለፊታችን ጋራዥ ከከፈቱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ብረት ሲቀጠቀጥ ነው የምነቃው። ትናንት አንዱ ልጅ «ሞዞው ዝጎ አክስሉ አልወጣ አለኝ» እያለ ሲጮህ ሰማሁት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሞዞ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ጎማው የሚታሰርበት ብረት ነው፣ አክስሉ መሀሉ ይገባል። ልጅ ሆኜ፣ እህቴ አማረች የተዳረች ቀን ነው ያወቅኩት። ጻፍ እንግዲህ፣ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ያኔ ሙሽራ በበቅሎ ነበር የምትሄደው። አባቴ ግን ሶዶ ሱቅ ካለው የስልጤ ነጋዴ ጋር ወዳጅ ነበርና መኪናውን ከነሾፌሩ ለመነው። ሸራ የለበሰች አሮጌ መኪና ናት። ሾፌሩ ከድር ይባላል፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። ከኛ ወገን አማረች፣ አጎቴ ዳናና እኔ ገባን። ከሙሽራው ወገን አቶ ባሳ ነበሩ፣ ጋብቻውን ያስማሙት ሰው። የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ ውሸት የሚባል ከአፋቸው አይወጣም። ከሻንቶ በታች ካለው ቤታችን ተነስተን ወደ በዴሳ ነው የምንሄደው። የአማረች ፀጉር በቅቤ ርሶ፣ መኪናዋ በሙሉ ቅቤና ቤንዚን ትሸት ነበር።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ያለሱ አይገባህም። በኛ ሰፈር ወግ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ከወጣች ባሏ ደጅ እስክትደርስ እግሯ መሬት አይነካም። ከነካ የባል ወገን ሊመልሳት ይችላል። ደጅ ላይ አማትየዋ «እግሯ መሬት ነክቷል?» ብላ ትጠይቃለች። የሚመልሰው ያመጣት ሽማግሌ ነው።

ሶዶን አልፈን ትንሽ እንደሄድን የኋላው ጎማ ይጮህ ጀመር፣ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ከድር ወርዶ አየና ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል አለ። መቀየሪያ ይዟል፣ ችግሩ እሱ አልነበረም። ኩሽኔታው እንዲቀየር አክስሉ ከሞዞው መውጣት አለበት፣ አክስሉ ደግሞ ዝጎ ከሞዞው ጋር አንድ ሆኗል። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ በማርቴሎ መታ። መኪናዋ ተወዛወዘች። እኔን አወረዱኝ፣ አማረች ውስጥ ቀረች።

«ሙሽሪት ትውረድልኝ፣ ክሪኩ ይከዳኛል» አለ ከድር።

«አትወርድም» አለ አጎቴ።

«ታዲያ እርስዎ ተሸክመው ያውርዷት።»

«እኔ ካወረድኳት እኮ ልጃችንን መልሰን ወሰድን ማለት ነው! ምን ነካህ አንተ?»

«አቶ ባሳስ?»

«እኔ ሽማግሌ ነኝ እንጂ ሚዜ ነኝ?» አሉ አቶ ባሳ። መሸከም የሚችለው ሚዜው ነው፣ እሱ ደግሞ በዴሳ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

«እንግዲያው እኔ ልሸከማት፣ የማንም ወገን አይደለሁ» አለ ከድር እየሳቀ። ማንም አልሳቀለትም።

እዚያው አጠገብ ዳጎ ወጥተው ማሳ የሚቆፍሩ ወንዶች ነበሩ። ዳጎ ማለት እንደ ደቦ ነው፣ ለአንዱ ቤት ሰፈሩ ተሰብስቦ የሚሰራው። መቆፈሪያቸውን ጥለው መጡ፣ ግንድ ከስር አስገብተው መኪናዋን ከነሙሽራዋ ደግፈው ያዙ። ከድር ላብ በላብ እስኪሆን መታ። ዝገቱ ንቅንቅ አላለም። ዘይት እንዳያፈስበት ዘይቱ አልቆበታል። አማረች ይህን ስትሰማ ከራሷ ላይ ቅቤ በእጇ ሙሉ ጠርጋ በሸራው ቀዳዳ አወጣችለት።

«ይቺ መኪና ከሚስቴ የበለጠ ቅቤ ተቀባች!» አለ ከቆፋሪዎቹ አንዱ። ቅቤው ግን ላዩ ላይ ረግቶ ቀረ።

«እሳት ነው የሚፈልገው» አለ ከድር። «ሞዞው ሲግል ይሰፋል፣ ቅቤውም ቀልጦ ይገባል። ግን ሰው ውስጧ እያለ እሳት አላነድም። ቤንዚን አለ፣ ልጅቷ ከነነጠላዋ ትቃጠላለች።»

አጎቴ አሁንም አትወርድም አለ። አቶ ባሳ «ከወረደች እኔ ደጅ ላይ አልዋሽም» አሉ። ከድር ማርቴሎውን ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዳሞታ ተራራ በኩል ደመና እየወረደ ነበር። መንገድ ላይ ማደር ደግሞ ይብሳል፣ ሜዳ ያደረች ሙሽራ ማን ይቀበላል?

እነሱ ሲጨቃጨቁ አማረች ነጩን ሸራ ጫማዋን አወለቀችና ለኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ወረደች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዋጣት። አጎቴ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አቶ ባሳ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። እሷ ሄዳ መንገዱ ዳር ቆመችና «በሉ አንድዱት» አለች።

ደረቅ የእንሰት ቅጠል ከሞዞው ስር አነደዱ። ቅቤው እየተንጨረጨረ ወደ ውስጥ ሰረገ። ከድር እሳቱን አጥፍቶ ደጋግሞ መታ፣ አክስሉ ጓ ብሎ ወጣ። ቆፋሪዎቹ ወንድ ልጅ የተወለደ ይመስል ጮሁ። ከድር ኩሽኔታውን ቀይሮ ጎማውን አሰረ፣ አማረችም ከነጭቃዋ ተመልሳ ገባችና ወደ በዴሳ ቀጠልን።

ስንደርስ ጀንበር ልትጠልቅ ነው። ሚዜው አማረችን ተሸክሞ ደጁ ጋ አደረሳት፣ እግሯ በጭቃ እንደተለወሰ ተንጠልጥሏል። አማትየዋ ወጡና ጠየቁ፣ «እግሯ መሬት ነክቷል?»

አቶ ባሳ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ። ያን ያህል ሰው ቆሞ ይጠብቃል።

«ነክቷል» አለች አማረች። ሙሽራ እኮ በባሏ ደጅ አትናገርም።

አማትየዋ እግሯን አዩት። ከዚያ ውሃ አስመጡ፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ያጥቧት ጀመር። እኔ ጫማውን ይዤ ተጠግቼ ነበርና በጆሮዋ ያሏትን ሰማሁ። «እኔም ስመጣ በቅሎዋ እምቢ ብላ ቢላቴ ወንዝን በእግሬ ነው የተሻገርኩት። ያመጣኝ ሽማግሌ ዋሸልኝ።» ቀና አሉና ጮክ ብለው «ምን ቆማችኋል? ምግቡ ቀዘቀዘ እኮ፣ ግቡ!» አሉ።

አሁን ሶዶ ላይ ሙሽራ ደስ ባላት ቦታ ትወርዳለች፣ ፎቶ ትነሳለች፣ ተመልሳ ትገባለች። በልጅ ልጆቼ ሰርግ ያንን ጥያቄ ጠብቄ ነበር፣ የጠየቀ የለም። መቅረቱ ጥሩ ነው። አማረችና አማቷ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ወዳጅ ሆኑ። አሮጊቷ እስኪሞቱ ድረስ ወተት አብረው ይንጡ ነበር፣ ምን እንደሚያስቃቸው እንጃ፣ ሲስቁ ከደጅ ይሰማል። የዛሬዎቹ ከአማቶቻቸው ጋር በምን እንደሚተዋወቁ እኔ አላውቅም።