ሴቶቹን የዘለለው ዝርዝር

የመሬት ደብተር ሊሰጥ ነው በተባለ ጊዜ ከሺሺንዳ ተሳፍሬ ቦንጋ ገባሁ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያችን የቡና ማሳ በስሜ ካላስመዘገብኩ ወንድሞቹ እንደሚወስዷት አውቄያለሁ። ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ቢሆንም ስሜ አይጠፋኝም። የለም። የጎረቤቴም የለም። አንድም ሴት የለችም።

«እትዬ፣ ኮምፒውተር ሴት አይወድም!» አለ ከኋላዬ የተሰለፈ ሰውዬ።

«አንተን የወለደህ ኮምፒውተር ነው?» ብዬው ገባሁ።

ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ባለሙያ ነበረች። ብጮኽባትም አልተቆጣችም፤ ወንበር ሰጥታ አስረዳችኝ። የየቀበሌው ጸሐፊዎች የሰዉን ማዕረግ፣ ስም፣ ቀበሌና የማሳ ቁጥር በእዝባር፣ በዚህች ዘንበል ባለች «/» ጭረት እየለዩ፣ ለአንድ ሰው አንድ መስመር ጽፈዋል። እሷ ደግሞ ስክሪፕት የምትለው አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ አዘጋጅታለች። እሱ መስመሩን እዝባሩ ላይ እየቆረጠ «ይህን ሰው መዝግብ» የሚል ትእዛዝ ይሠራና ለኮምፒውተሩ መዝገብ ያቀብላል። በእጅ ወር የሚፈጀውን ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ቡና ስለቅም እንዲህ ያለ ፈጣን እጅ አላየሁም።

«ተቆርጦ አራት የማይሆነውን መስመር ይጥለዋል» አለችኝ። «የተበላሸ መስሎኝ ነበር፣ እማማ።»

«የጣለውን አሳዪኝ።»

አሳየችኝ። ከላይ እስከ ታች «ወ/ሮ»፣ «ወ/ሮ»። «አቶ» እዝባር የለበትም፤ እኛን ግን ገና ማዕረጋችን ላይ ለሁለት ከፍሎናል።

«ታዲያ በሙሉ ጻፊልን እንጂ! ወይዘሮ ለማለት ስንት ቀለም ይፈጃል?»

ሳቀች። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። የቢሮ ሰው እንዲህ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ከመቁረጡ በፊት «ወ/ሮ»ን ሁሉ «ወይዘሮ» የሚያደርግ አንድ መስመር ጨምራ ስክሪፕቱን ደግማ አዘዘችው። ሴቶቹ ገቡ። ጥቂት ወንዶች ግን እዚያው ቀሩ፤ የአባታቸው ስም በእዝባር ያጠረ ነው።

ወደ በሩ ዞሬ ያን ቀልደኛ ስሙን ጠየቅኩት። ከቀሩት ወንዶች አንዱ እሱ ነው።

«እሱንም መልሺው» አልኳት። «ፍርድ ለሚያሾፍም ነው።»

እሷም የቀሩትን ወንዶች ስም ሳታሳጥር ጻፈች። አዲሱ ዝርዝር ሲለጠፍ ስሜ ከነማሳው ቁጥር ነበረበት። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ቀረበኝ።

«እትዬ፣ ማንበብ አልችልም። የእኔንም ያንብቡልኝ።»

ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ መጀመሪያ ግን የራሴን።