ጣሰውን ማን ገፋው?

ጣሰው በአዋሽ ባቡር ጣቢያ ፉርጎ ከፉርጎ የሚቀጥል ጨዋታ አዋቂ ነበር። ከማታ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ይዞት የወጣው አንድ ሕግ ብቻ ነው፤ «የቆመ ነገር ካልገፉት አይንቀሳቀስም»። አለቃው ከምሳ በኋላ ከወንበሩ አልነሣ ካለ፣ በሕጉ ነው። ፍየል ሐዲድ ላይ ከተኛችም በሕጉ ነው።

ሕጉ እሱንም እንደያዘው ግን ልብ አላለም። ይርገዱን ከወደዳት ቆይቷል። እሷ መልካ ወረር ለጥጥ ለቃሚዎች ወጥ ትሠራለች፤ እሱ ጥጥ በሚያመላልሱት መኪኖች ሰላምታ ይልካል። ሰላምታ ብቻ። አንድ ቀን የጥጥ ጫኙ ኤንትሬ መኪና ሹፌር ከድሩ፣ «ስማ፣ ወንድሟ ጉልላት ወሎ ሊወስዳት መጥቷል። ነገ መሄዳቸው ነው። የምትለው ካለህ ላድርስልህ» አለው።

«ሰላም በልልኝ።»

«ወይ አንተ! አንተንስ ባቡርም አይጎትትህ!»

ከድሩ ሄደ። ጣሰው ከባቡሩ ተፈትቶ እንደቀረ ፉርጎ ሐዲዱ ዳር ኩርምት አለ። ግመል ጠባቂው ወዳጁ ሀምዳ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። አፋር ሰው ሲያገኝ ያየ የሰማውን ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ዳጉ ይሉታል። በዳጉ መዋሸት ደግሞ ነውር ነው።

«ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«ወላሂ፣ ፊትህ ምንም አይልም።»

ከአፉ እንዴት እንዳመለጠው እንጃ፤ «ይርገዱን ላገባ ነው» አለ።

ሀምዳ መርቆት ተነሣ።

«ቆይ እንጂ! እሷ እኮ ገና አልሰማችም!»

«ትሰማለች» አለ ሀምዳ፣ ዘወር እንኳ ሳይል።

በማግሥቱ ጣሰው በከድሩ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደ መልካ ወረር ተነሣ። ወሬውን ልቅደመው ብሎ ነበር፤ በየመንገዱ ግን የማያውቀው ሰው ሁሉ «መብሩክ! እንኳን ደስ ያለህ!» ይለዋል። መልካ ወረር ሲደርስ የይርገዱ ሳጥን ወሎ በሚሄደው መኪና ላይ ወጥቷል፤ እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«መብረቁ ትናንት ታየ፤ ነጎድጓዱ ዛሬ ደረሰ?» አለችው። «ግመል ጠባቂ ሁሉ ሲመርቀኝ ነጋ። ለማን ነው የምዳረው ብል፣ ለፉርጎው ሰው አሉኝ። አንተ አፍ የለህም?»

«አለኝ። ካልገፉት አልንቀሳቀስ ብሎ እንጂ።»

«ሽማግሌስ የት አለ?» አለ ጉልላት ኮስተር ብሎ።

«ጋሼ፣ አገር ሙሉ ልኬያለሁ እኮ! ሲመርቋት አልሰሙም?»

ጉልላት ፊቱን ወደ ጥጡ ማሳ አዞረ። ትከሻው ግን በሳቅ ይነቀነቃል።

«ሕጉ ደግሞ ሌላ ግማሽ አለው» አለ ጣሰው ላቡን እየጠረገ። «የተነሣ ነገር ካላቆሙት አይቆምም። አንዴ ተነሥቻለሁ፤ ወሎም ቢሆን እከተልሻለሁ።»

ይርገዱ አየችው፤ አየችው።

«ወሎ ድረስ ምን አለፋህ» አለች። «ያቺን ሳጥን አውርዳት።»

ጣሰው ዘሎ ወጣ። ሳጥኗን ቢስባት አልነቃነቅ አለች። ጉልላት ከት ብሎ ስቆ በሌላው ጫፍ ያዛት።

«በል አማች፣ እንግፋት!»