ለሠራተኛዋ በር የሌለው መርከብ

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። በዚያ የሰልፍ ሰሞን ካርቱም ውስጥ ብዙ ሰው ታስሯል። ከእኔ የከፋ ያዩ አውቃለሁ፤ እነሱ ዝም ብለዋል። እኔን ማንም አልመታኝም። እስር ቤት ውስጥ ያደረግኩት ነገር ቢኖር አንድ ልብ ወለድ መተረክ ነው። የምጽፈው ስላዳመጠችኝ ሴት ስል ነው።

የተያዝኩት ሱቅ ዐረቢ ገበያ አጠገብ፣ ሰልፉ ከተበተነ በኋላ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያዬ፣ ለአስለቃሽ ጭስ የያዝኩት ኮምጣጤና ከእግረኛ መንገድ ላይ ገዝቼ ያነበብኩት አሮጌ የዐረብኛ መጽሐፍ ነበሩ። ሽፋኑ ስለተገነጠለ ርእሱንም ደራሲውንም አላውቅም። ወታደሩ ኮምጣጤውን አሽትቶ ጣለው። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገና ወሰደው።

ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ጠባብ መስኮት አለ። በእሷ በኩል የሚኒባስ ረዳቶች ሲጣሩ ይሰማል፤ “ጀብራ! ጀብራ! ጀብራ!” ቀኑን ሙሉ።

“እኔን እኮ ነው የሚጠራኝ” አለች መልኬን አይታ በአማርኛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ የተቀመጠች ሴት። “ሥራ ቀረሽ እያለኝ ነው። ነይ እቴ፣ ተቀመጪ። አብሽሪ።”

የወሎ ሴት ናት። ጀብራ ሰፈር አንድ ቤት በሠራተኝነት ብዙ ዓመት ኖራለች። ፖሊስ በሰልፉ ምክንያት የመዳሟን ልጅ ፍለጋ ሲመጣ ልጁ አመለጠ፤ በእሱ ፈንታ እሷን ይዘው ሄዱ። ያለበትን ከተናገረች ያን ቀን ትለቀቃለች። ካልተናገረች፣ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው አልፎበታልና ወደ ድንበር ትጫናለች። የት እንዳለ አውቃለሁ አላለችንም፤ አላውቅምም አላለችን። እኛም አልጠየቅናትም።

“የወተት ጥርሱን ጣሪያ ላይ የወረወርኩለት እኔ ነኝ” አለች ብቻ።

ሦስተኛዋ ሱዳናዊት መምህርት ነበረች። ለእሷ ከቤቷ ፉል ይመጣል። ለእኔ እናቴ ምስር ታመጣለች፤ የነቢያት ጾም ነበር። ከጀብራ ግን ለወሎዋ ሴት የሚመጣ ነገር አልነበረም። ሦስታችንም የመጣውን አብረን እንበላለን።

አንድ ከሰዓት በኋላ መምህርቷ “ጊዜ የሚያሳልፍ ወሬ ያላት አለች?” ስትል፣ እንደ ክፍል ውስጥ እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝ። መጽሐፉን ለሁለቱም እንዲገባ በዐረብኛ መተረክ ጀመርኩ። ብዙ ቤተሰቦች በአንድ ትልቅ መርከብ ከምድር ርቀው ጠፈር ላይ ይኖራሉ። ልጆቻቸው እዚያው ይወለዳሉ፤ ሽማግሌዎቻቸው እዚያው ይሞታሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ በር አለው፤ አየር እየተለካ በድርሻው ይሰጠዋል። ደራሲውን ማንም ይሁን ማን አደንቀዋለሁ። ስለ ሞተሩ ብዙ አይጨነቅም። ዝናብ አይተው የማያውቁ ልጆች ዝናብ ዝናብ ሲጫወቱ፣ ባልና ሚስት ተጣልተው የሚወጡበት ደጅ ሲያጡ ነው የሚጽፈው።

“እዚያስ ሳህን ማን ያጥባል?” አለች የወሎዋ ሴት።

“በተራ ይመስለኛል።”

“የሠራተኛዋ በር የቱ ነው?”

“ሠራተኛ የላቸውም፣ እትዬ።”

“ወላሂ፣ ይህን የጻፈ ሰው ሳህን አጥቦ አያውቅም።”

መምህርቷ ሳቀች። “ታሪኩ የወደፊት ነው። ያኔ ማንም የማንም ሠራተኛ አይሆንም” አለቻት በዐረብኛ።

“ኢንሻላህ። እስከዚያ እኔ እዚያው ጀብራ ነኝ።”

በማግስቱ ቀጠልኩ። አንዲት እናት ሳይፈቀድላት ትወልዳለች፤ አየሩ ለአንድ ተጨማሪ ሰው አይበቃም ይባላል። እናትና ልጅ ማንም ወደማይጠብቃቸው ወደ ምድር እንዲወርዱ ይፈረዳል። እዚህ ላይ ስደርስ የብረት በሩ ተከፈተ። አንድ መኮንን ሁለታችንን ጠራን፤ እሷንና እኔን።

ቢሮው ውስጥ ከመኮንኑ ፊት ሻይ የተጠጣባቸው ብርጭቆዎች ነበሩ። የእኔ መጽሐፍም ከአጠገባቸው ተቀምጧል። “ያ ቢንት፣ አንቺ ልጅ፣ የተማርሽ ነሽ” አለኝ። “በቋንቋችሁ እንደ እህት ምከሪያት። ልጁ የት እንዳለ ከነገረችን ሁለታችሁም ዛሬ ትወጣላችሁ። እምቢ ካለች አንቺም ትቆያለሽ፣ እሷም ድንበር ናት።” ፈተናዬ ሊደርስ ነበር። ያንን ሳላስብ አልቀረሁም።

ያለውን አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት።

“እሺ፣ ይህን ሰማሁ” አለች። “አሁን የዚያን ሕፃን ነገር ጨርሺልኝ።”

“እዚህ?”

“ከለያዩን ማን ይነግረኛል? ምከሪያት አይደል ያለሽ? በይ ምከሪኝ።”

ሰውዬው አማርኛ አይችልም፤ ግን ሰማይ፣ መርከብ፣ ነፍስ ብል ለዐረብ ጆሮ ይገባል። ቃል እየመረጥኩ፣ ፊቴን እንደሚለምን ሰው አድርጌ ቀጠልኩ።

“እናትየዋ ልጇን አቅፋ ትልቁ በር ጋ ቆመች። ልትወርድ ነው። ሁሉም በየክፍሉ ዘግቶ ተቀምጧል፤ ማንም ዓይኗን ማየት አልፈለገም።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ አንድ በር ተከፈተ። የዚያ ክፍል አየር ወደ መተላለፊያው ወጣ። ቀጥሎ የጎረቤቱ ተከፈተ። አንድ በአንድ ሁሉም ከፈቱ። አየሩ ተቀላቀለ፤ የእከሌ ድርሻ የሚባል ነገር ቀረ። ከዚያ ቀን በኋላ አየር ለክቶ የሚሰጥ የለም። ለሁሉም አነሰ፤ ግን ማንም አልወረደም።”

ዓይኗ እንባ ሞላ። መኮንኑ ቀና አለና ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሶፍት ወደ እሷ ገፋ አደረገ። ምክሬ የሠራ መስሎት በጭንቅላቱ ምልክት “ቀጥይ” አለኝ።

“መጀመሪያ የከፈተው ማነው?” አለች ዓይኗን እየጠረገች።

መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበር።

“ሠራተኛዋ” አልኳት።

“ደመወዝ ይጨምሩላት” አለች። ከንፈሬን ነክሼ ሳቄን ዋጥኩት።

“ሃ? ምን አለች?” አለ መኮንኑ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ራሷ በዐረብኛ መለሰችለት። “ማ ባዕረፍ። አላውቅም። ስለ ሶፍቱ አመሰግናለሁ።”

እሱ ሶፍቱን ወደ ራሱ መለሰ። ከዚያ “ያላ፣ ውሰዷቸው” አለ።

ስትነሣ እጇ በልማድ ወደ ባዶዎቹ ብርጭቆዎች ሄደ። ሁለቱን በጣቶቿ አንሥታ ነበር። ቆም አለች፤ አየቻቸው፤ ከነበሩበት መልሳ አስቀመጠቻቸው። ሻርፗን አስተካክላ ከፊቴ ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ ድንበር ይወስዷታል ብለን በሩ በተንኳኳ ቁጥር ደነገጥን። አንድ ጠዋት ዘበኛዋ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣች። “ከጀብራ ነው። የቤቱ እመቤት ራሷ ደጅ ቆማለች” አለቻት ለወሎዋ ሴት። እሷ ክዳኑን ከፍታ የባምያ ወጡን ቀመሰችና ፊቷን አኮማተረች።

“ጨው በዝቶበታል” አለች። “መዳም ራሷ ናት የሠራችው። ማድቤት ገብታ አታውቅም እኮ።” ከዚያ እስከ መጨረሻው በላችው። በየቀኑ መጣላት፤ በየቀኑም ጨው ይበዛበት ነበር።

ዩኒቨርሲቲው እየተዘጋ እየተከፈተ እኔ አሁንም አንደኛ ዓመት ነኝ። ሱቅ ዐረቢ ባለፍኩ ቁጥር መሬት ላይ የተደረደሩትን አሮጌ መጻሕፍት አያለሁ፤ ያንን አላገኘሁትም። ምናልባት መኮንኑ አንብቦት ይሆናል፤ ካነበበው እስከ በሮቹ ድረስ እንዲደርስ እመኛለሁ። ታሪኩን ለሌላ ሰው ስነግር ሽማግሌውን ትቼ ሠራተኛዋን ነው የማስገባት። ደራሲው ቢሰማኝ የሚቆጣ አይመስለኝም።

ለምን እንደለቀቁን የነገረን የለም። እኔና የወሎዋ ሴት ሁለታችንም በአንድ በር የወጣነው ታኅሣሥ 19 ቀን ነው፤ የገብርኤል ዕለት።