በላም ያመሰገንኩበት ዓመት

«አመስግኚ» የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሶላቴን እሰግዳለሁ፤ ከእንቅልፌ ስነሳ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፤ ውሃ ስጠጣም እላለሁ። ግን የታመመ ልጅ ታቅፌ ተቀምጬ፣ ጠግቦ ያደረ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ «አመስግኚ እንጂ፣ ከዚህ የባሰም አለ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። የባሰ እንዳለማ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራ የኖርኩት እሱን አይደለም እንዴ? እኔ አንድ ጊዜ በላም አመስግኛለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ምስጋና ማንም እንዲያስተምረኝ አልፈልግም።

ነገሩ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ የሆነ ነው። የምንኖረው ከከሚሴ ብዙ ሳንርቅ፣ ጨፋ ውስጥ ነበር። ያን ክረምት የቦርከና ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ላይ ተኛ። ማሽላችን እሸት ሳይይዝ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆመና ቢጫ ሆነ። ባለቤቴ በየቀኑ እየሄደ አይቶት ይመለሳል። እሱ ሲከፋው ዝም ይላል፤ እኔ ደግሞ ሲከፋኝ አፌ ይቀድመኛል። ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው ሲድሩኝ እንኳ አባቴ የሰበሰባቸውን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ሰድቤ ነው ከቤት የወጣሁት።

በዚያ ዓመት ሀብት የምንለው አንዲት ቀይ ላም ነበረችን። ስዳር አባቴ የሰጠኝ ጊደር ነበረች፤ እኔው ጋ ወለደች፣ ደገመች። ያን የበሰበሰ ማሽላ እኛ ልንበላው አንችልም፤ እሷ ግን አገዳውን እያመነዠከች ወተት አደረገችው። ጠዋትና ማታ ለሁለቱ ልጆቼ፣ ለትልቁ ወንድና ለሦስት ዓመቷ ሴት፣ አንድ አንድ ኩባያ ይደርሳቸው ነበር። ስትታለብ አጠገቧ ቆሜ ኩባያዎቹን እያስተካከልኩ፣ ዛሬም ደረሳቸው፣ ነገም ይደርሳቸው ይሆን እላለሁ። እንደዚያ ነኝ። ያለኝን ይዤ ስለ ነገው እፈራለሁ።

አማቴ ቤታቸው እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው። ልጆቼ በኦሮምኛ «አዮ» ይሏቸዋል፤ እማዬ እንደ ማለት ነው። እኔም ከልጆቼ ጋር አዮ እላቸው ነበር እንጂ በልቤ ሌላ ስም ነበረኝ። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ውሃው ሲሸሽ ቢንቢውን ትቶልን ሄደ። መስከረም ላይ በወባ ያልተኛ ቤት አልነበረም። አንድ ጠዋት ትንሿ ልጄ እንደ እሳት ተቃጠለች። እኔ አዘልኳት፣ ባለቤቴ ፊት ፊት፣ አማቴ ከኋላ እየሆንን ከሚሴ ጤና ጣቢያ ደረስን። አግዳሚው ሞልቷል፤ መሬቱም ሞልቷል። ካርድ የምትሰጠው ሴት፣ ልጄን አየችና «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከሰዓት ይመጣል ይሆናል፤ ጠብቁ» አለች። ጠበቅን። እኔ በሰው ፊት ጮክ ብዬ የምጠይቅ ሴት፣ ያን ቀን ነጭ ጋዋን ፈርቼ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወደ ቀትር ላይ ልጄ ደረቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፤ እጆቿ እንደ እንጨት ሆኑ። ያኔ አፌ ተከፈተ። የሚገርመው ሐኪሙን አልጮኽኩበትም። ወደ ላይ ጮኽኩ።

«ያ ረቢ! ይቺን ልጅ አድንልኝ፤ ቀይዋን ላሜን ለአንተ ብዬ አርዳለሁ፣ ምስኪን አበላበታለሁ!»

በረንዳው ሁሉ ሰማ። አማቴ አጠገቤ ነበሩ። እጃቸውን ዘርግተው «አሚን» አሉ፤ ጠንከር አድርገው፣ ማህተም እንደሚመታ ሰው።

ጩኸቴን ሰምቶ የወጣው ሐኪም ልጄን ዳሰሳትና ባለቤቴን «መርፌውን ከውጭ ገዝተህ አምጣ» አለው። ከውጭ ማለት የት ነው? መንገዱን ተሻግሮ ያለው መድኃኒት ቤት ነው! ከጠዋት ጀምሮ ፊት ለፊታችን ክፍት ሆኖ እያየነው የነበረው ቤት! ባለቤቴ ሮጦ ሄዶ፣ እኔ አልቅሼ ሳልጨርስ ተመለሰ። ጠዋት አንዲት ቃል ቢነግሩን ኖሮ ልጄ ባልደረቀች፤ እኔም ላሜን ባልተሳልኩ።

ልጄ በሦስተኛው ቀን ቤት ውስጥ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ «ወተት» ነበር። ሰጠኋት። ከዚያችው ከቀይዋ ላም።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም አጣሁ። አማቴ «እረጂ» አላሉኝም። ክፋታቸው እሱ ነው፤ አንድም ቀን አላሉኝም። ልጄ ባነጠሰች ቁጥር ግን ዞር ብለው ላሚቱን ያያሉ። ልጄ ብታስል ላሚቱን። ልጄ ሮጣ ብትወድቅና ጉልበቷ ቢላጥ ላሚቱን።

«አዮ፣ ምን ያያሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔ? ምንም። አማረባት እያልኩ ነው።»

«ልጅቱን የያዛት ጉንፋን ነው።»

«ታዲያ ጉንፋን አይደለም አልኩ?»

ባለቤቴን ጠየቅኩት። ተረከዙን እየታጠበ ነበር።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«ላሟ ያንቺ፣ አፉም ያንቺ። እኔ ምን አገባኝ?»

«ልጆቹስ የማን ናቸው?»

እግሩን አደረቀና ወጣ።

በመጨረሻ ሻሽ አስሬ ሼሁ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉን ነገር እስክጨርስ አዳመጡኝ። ነዝር፣ ማለት ለአላህ የተገባ ስለት፣ ከአፍ ከወጣ መፈጸም አለበት አሉኝ። በእውነት ከአቅሜ በላይ ከሆነ ግን አስር ምስኪን ማብላት፣ እሱም ካልሆነ ሦስት ቀን መጾም እንዳለ ነገሩኝ። «ከአቅምሽ በላይ መሆን አለመሆኑን የምታውቁት አንቺና አላህ ናችሁ» አሉ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል፣ «ደግሞ ብታርጂ» አሉ፣ «ከሥጋው አንቺም፣ ልጆችሽም፣ ባልሽም፣ አማትሽም አትቀምሱም። የምስኪን ነው።»

ይሄን አላውቅም ነበር። ስሳል በልቤ ጥግ ልጆቼ ጥርሳቸውን ሥጋ ላይ ሲያሳርፉ አይቼ ነበር። አላህ ያየኛል፣ አይቼ ነበር። ወተቱም ሄደ፣ ሥጋውም ሄደ ማለት ነው! መንገዱን ሁሉ ብቻዬን እየተናገርኩ ሄድኩ። ሦስት ቀን መጾም ምን ያቅተኛል? ያን ዓመት ሳልጾምስ መች በልቼ አድራለሁ? እጾማለሁ፣ አበቃ አልኩ።

ግቢ ስገባ ልጄ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አሳላት። አንዴ ብቻ። አማቴ ዞር ብለው ላሚቱን አዩ።

«ትታረድ!» ብዬ ጮኽኩ። «ነገ ትታረድ! አሁን ደስ ይበላችሁ!»

ቀይዋን ላም በምስጋና አላረድኳትም። በንዴትና በፍርሃት ነው ያረድኳት። ልጾም እችል ነበር፤ ግን ከጾምኩ በኋላ ልጄ አንድ ቀን ብትተኛብኝ ከራሴ ጋር እንዴት እኖራለሁ? ሌላው ሰው ይሄን አይገባውም። እናት የሆነች ትረዳኛለች።

የሰደቃው ቀን ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ያን ዓመት ምስኪን ያልሆነ ማን ነበር? ግቢው ሞላ። አንዱ ወሬኛ ጎረቤታችን አጥንት ይዞ፣ «ለሴት ልጅ ላም? ወንዱ ታሞ ቢሆን ግመል ልትሳል ነበር ማለት ነው!» ብሎ አሳቃቸው። እኔ መልስ ሳዘጋጅ አማቴ ከበሩ ቀደሙኝ።

«አንተ ስትወለድ እናትህ ዶሮም አልተሳለችም፤ ያስታውቃል። ብላና ዱዓ አድርግ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ለሴት ልጄ የተቆረቆሩት እኒያ ሴት መሆናቸው ይበልጥ አናደደኝ። ሰው እንዲህ ሆኖ ሲገኝ ለመጥላት እንኳ አይመችም።

እኛ መብላት ስለማንችል አምስታችን ከቤቱ ጀርባ ተቀምጠን የማሽላ ንፍሮ ያዝን። ባለቤቴን ወንዶቹ «ና እንጂ፣ አብረኸን ተቀመጥ» ብለው ቢጠሩትም አልሄደም። ትንሿን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ንፍሮውን እየፈለፈለ ያጎርሳታል። የሥጋው ሽታ በግድግዳው ዙሪያ እየዞረ ይመጣብናል። ጥጃዋ እናቷን እየፈለገች ትጮኻለች። ትልቁ ልጄ አፉን ከፍቶ አየር ሳበ።

«አዮ፣ ንፍሮው ሥጋ ሥጋ ይላል።»

«አፍንጫህን ያዝ!» አሉት አማቴ። «ነዝር ነው፤ በአፍንጫም አይበላም።»

ልጁ የምሩን አፍንጫውን ያዘ። አፍንጫውን ይዞ ንፍሮ ሲያላምጥ፣ ትንሿም አይታው ያዘች። ባለቤቴ፣ ያ ክረምት ከገባ ጥርሱን ያላየሁት ሰውዬ፣ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አማቴም እኔም ሳቅን። ልጄ ትኩሳት የላትም፤ አንገቷን በእጄ ጀርባ ነክቼ አረጋገጥኩ። ደግሜ ነካሁ። አምስታችንም አለን። አንድም ሰው አልጎደለብንም።

ከሳቁ በኋላ አማቴ ወደ ጓሮው አጥር እያዩ፣ ለማንም እንዳልሆነ አድርገው፣ «እኔ አራት ቀብሬያለሁ» አሉ። «ለአንዱም የምሳለው አልነበረኝም።» ከዚያ ንፍሯቸውን ቀጠሉ።

ማታ ላይ ሰዉ ሲወጣ እየመረቀ፣ ጢሙን እየጠረገ፣ «አመስግኚ፣ አላህ ይተካልሻል» አለኝ። በእጁ ላይ የላሜ ስብ እያብረቀረቀ! አሚን አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ነው ያልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿ ኩባያዋን ይዛ መጣችና ቆመች። የሌለ ነገር ለሦስት ዓመት ልጅ እንዴት ይነገራል? ስለ አንቺ ተሳልን፣ ለአላህ ሰጠን ይባላል? ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። ቀመሰችና አፈሰሰችው። መታኋት። ዳነችልኝ ብዬ ላም ያረድኩላትን ልጅ፣ ወተት ብላ ስለጠየቀች መታኋት። እናት ምን ያህል ክፉ መሆን እንደምትችል ያን ጠዋት አወቅኩ። አማቴ ከበራቸው ሆነው አዩኝ። አልተቆጡኝም።

በሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን አማቴ ተነስተው ጠፉ። መኪና ያማቸዋል፤ ከሚሴ እንኳ ሲሄዱ በእግር ነው። አመሻሹ ላይ የጭነት መኪና አስፋልቱ ዳር አወረዳቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ በገመድ አንዲት ነጭ የቆላ ፍየል ይጎትታሉ፣ ግልገሏ ከኋላ ይከተላል። በምን እንደገዟት አልነገሩኝም። እኔም ያኔ በኩራት አልጠየቅኩም።

«መንገዱን ሁሉ ሳስመልስ ነው የመጣሁት» አሉ፣ ገመዱን እጄ ላይ እየጣሉ። «ይቺ ደግሞ ቁማ ትስቅብኛለች። እንኪ ያዢ። ይቺንም ከተሳልሻት ምላስሽን ነው የምቆርጠው!»

ፍየሏ ክፉ ነበረች። ወተቷ አንዲት ትንሽ ጣሳ አይሞላም፣ እሱንም ትረግጣለች። ስለዚህ በየጠዋቱ አማቴ ቀንዷን ይይዛሉ፣ እኔ እንበረከክና አልባለሁ። ፊታችን በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ወተቱ ለሁለት ኩባያ ይከፈላል፤ ለትልልቆቹ አይደርስም። እሳቸው ጣሳውን እያዩ ነው የሚቆሙት፤ ልክ እኔ ላሟ ስትታለብ ቆሜ እንደማየው። እንደኔው ይፈራሉ ለካ፤ ከኔም ቀድመው ነው የፈሩት። ይሄን ባወቅኩ ጊዜ ንዴቴ አልበረደም፣ ጨመረ። ቀድመው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? አራት ልጅ የቀበረች ሴት በአንድ ግቢ ውስጥ ስምንት ዓመት ከኔ ጋር ስትኖር፣ እኔ የማውቀው ዓይኗን ብቻ ነበር። ላም ለማያስፈልገው ለአላህ ላም ሰጠሁ፤ ፍየል ጎትታ ለመጣችልኝ ሴት ግን አንዲት ቃል አልሰጠሁም።

አንድ ጠዋት ልቤ ቆረጠ። ፍየሏ ዝም ብላለች፤ ጣሳው ግማሽ ደርሷል። ቀና አልኩና በቋንቋቸው ላመሰግናቸው አፌን ከፈትኩ።

«ገለቶሚ፣ አ...»

«ዝም ብለሽ እለቢ» አሉኝ። «ፍየሏ ትደነግጣለች።»

አለብኩ።