ቢያድግልኝ የሌለበት ገና

ለነፍስ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መግደፌን፣ ቅዳሴ ላይ ማንቀላፋቴን፣ የጓደኛዬን ጠላ ደብቄ መጠጣቴን ሳይቀር ተናግሬ ቀኖናዬን ተቀብያለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ዛሬስ እናገራለሁ ብዬ እሄድና ሌላ ኃጢአት አውርቼ እመለሳለሁ። አሁን አርጅቻለሁ፤ ለእናንተ ለማታውቁኝ ልናገር። ስናገር ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኛል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት፣ አርበኛውም ጮቄ ተራራን ቤቴ ያለበት ዘመን ነው። እኔ ከላስታ ቅኔ ፍለጋ የመጣሁ ተማሪ ነበርኩ። ከማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ የጊዮርጊስ ደብር አጠገብ ጎጆ ቀልሰን ከየኔታ እንማራለን። ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ የተሰባሰብን ደበሎ ለባሾች ነን። ጠዋት ቅኔ እንቆጥራለን፤ ከሰዓት አኩፋዳችንን አንጠልጥለን በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያልን እንለምናለን። ውሻው ያባርረናል፤ ልጆቹ ይስቁብናል፤ ደግ እናት ካለች ደግሞ ቁራሽ ትሰጠናለች።

የገና ጨዋታ የአገሬው እንጂ የእኛ አልነበረም። ከኅዳር ጀምሮ በየእሑዱና በየበዓሉ የአንዱ አጥቢያ ጎበዝ ከሌላው ጎበዝ ጋር ሜዳ ይወጣል። ሁሉም ቆልማማ ዱላውን ይዞ፣ ከእንጨት የተጠረበችውን እሩር ከባላጋራው ወሰን ለማሳለፍ ይጋፋል። ተማሪ ዳር ቆሞ ያያል። በዚያ ዓመት አንዱ የወሎ ልጅ "እኛስ እግር የለንም?" አለና ክትክታ ቆርጠን ዱላ አበጀን። የኔታ ይቆጣሉ ስንል ዝም አሉን፤ እንዲያውም በጨዋታ ቀን ትምህርቱን ቶሎ ይፈቱልን ጀመር።

ምን አለፋችሁ፣ አሸነፍን! አንዱን አጥቢያ አሸነፍን፣ ቀጥሎ ያለውንም አሸነፍን። ሰው "እነዚህ ጾመኞች ምን ቀምሰው ነው?" ይል ነበር። ምን እንቀምሳለን! እግራችንን ያሠለጠነው ያገሩ ውሻ ነው። በየደጁ ያባረረን ውሻ ሁሉ ውለታው ይድረሰውና፣ እንደ እኛ የሚሮጥ አልተገኘም። ትናንት ቁራሽ የነፈገን ባላገር ዛሬ እሩሯን ተቀምቶ አቧራ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ፣ ደስታዬን በምን ቋንቋ ልንገራችሁ? ቅኔ ዘርፌ የኔታ "ይበል" ሲሉኝ እንኳ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ያልተሸነፈ አንድ ሰፈር ብቻ ለገና ዕለት ቀረን፤ ላይ አምባ። ላይ አምባ ደግሞ ቢያድግልኝ አለ።

ቢያድግልኝ በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ክንደ ብርቱ ገበሬ ነበር። እሩር አንዴ ዱላው ላይ ካረፈች የሚያስለቅቀው የለም። እናቱ እማማ ውዴ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። ከወለዷቸው ሁሉ የተረፈላቸው እሱ ብቻ ነው፤ ስሙንም ለዚሁ አወጡለት። ያን ሁሉ ዓመት ከደጃቸው ባዶዬን ተመልሼ አላውቅም፤ ውሻቸውን እንኳ እኔ ስመጣ ያስሩልኝ ነበር። እንግዲህ የበደልኩት ማንን እንደሆነ ዕወቁልኝ።

ከገና በፊት በነበረው እሑድ፣ ላይ አምባ ሌላ አጥቢያ ሲያሸንፍ እኔም ዳር ቆሜ አይ ነበር። ጣሊያን የሾመው ጭቃ ሹም በቅሎው ላይ ሆኖ ይመለከታል። ጨዋታው ሲያልቅ እንደ ወጉ ስድቡና ግጥሙ ቀጠለ፤ ቢያድግልኝም ወደ ሹሙ ዞሮ እንዲህ አለ፦

ያገራችን ሹሙ ሆዱ ገፋ እንደ ላም፣
የሮም ጽንስ ይሆን፣ አባቱ አይታወቅም።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ነውና ጭቃ ሹሙም ሳቀ። ከልቡ ነው የሳቀ፤ ቅርብ ነበርኩ፣ ዓይኑን አይቻለሁ። ጠላ አስቀድቶም ሰጠው። ነገሩ እዚያው አልቋል፤ እኔ ግን ይዤው ሄድኩ።

የገና ዋዜማ ለልመና ላይ አምባ ወጣሁ። እማማ ውዴ ንፍሮ በእፍኛቸው ዘግነው አኩፋዳዬ ውስጥ ጨመሩልኝና "ነገ ልጄን እንዳትሰብሩብኝ!" ብለው ሳቁ። ልጃቸው አውድማ ላይ በሬዎቹን እየነዳ ጤፍ ያበራያል። የቤታቸውን ንፍሮ እያላመጥኩ ወደ እሱ ሄድኩ። ተርቤ ያደረግኩት አይደለም፤ ሰክሬ ያደረግኩት አይደለም። እኔ ነኝ፣ በሙሉ ልቤ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

"ጭቃ ሹሙ ስምህን ለጣሊያን ሰጥቷል፤ ነገ ከሜዳው ሊይዙህ ነው" አልኩት።

በሬዎቹን አቆመ። "ምነው፣ ስቆልኝ የለ እንዴ? በገና ጨዋታ ማን ይቆጣል?"

"ጌታማ አይቆጣም" አልኩት፤ "ጣሊያን መቼ ጌታ ሆነና?"

ይህች መልስ ከየት መጣችልኝ? የኔታ ያንን ሁሉ ዓመት የደከሙብኝ ለዚህች ነበር? ቢያድግልኝ "እግዜር ይስጥህ፣ የላስታው" አለኝ። ሁለት ሦስት ቀን አጎቱ ቤት ተሸሽጎ ይመለሳል፣ እኛም እሩሯን እናሳልፋለን ብዬ ነበር። አገሩን አላወቅሁትም። የሚፈለግ ጎጃሜ አጎቱ ጓዳ አይገባም፤ ውርደት ነው። በሬዎቹን ፈታ፣ ከጎተራው ሥር የአባቱን ምንሽር ጠመንጃ አወጣ፣ እናቱን ተሰናብቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጮቄን ያዘ።

በማግሥቱ የላይ አምባ ልጆች ሜዳ ሲወጡ ዓይናቸው መንገድ መንገድ ያያል። እኛ ቅዳሴ ቆመን አድረን፣ ጾም ፈትተን፣ እንደ ወይፈን እንዘላለን። ሲጋፉን ቆዩ፣ ደከሙ። እሩሯ ከእግር መሐል አምልጣ ከፊቴ ወደቀች። መታኋት። ወሰኑን ስታልፍ የተሰማው እልልታ! ተማሪ ደበሎውን እየወረወረ ጨፈረ፤ የኔታ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሲስቁ አየኋቸው። ያን ቀን ደጅ ቆመን አልለመንም። ባለ ቤቶቹ ራሳቸው እየጎተቱ አስገቡን፤ ከሽማግሎች በላይ አስቀምጠው አበሉን፣ አጠጡን። እማማ ውዴም ከሴቶቹ መሐል ቆመው እልል አሉልኝ። ልጃቸውን ያዳንኩ ሰው ነኛ!

ውሸቴ ግን ሥር ሰደደ። ቢያድግልኝ ጫካ መግባቱ ሲሰማ ያ የሳቀው ጭቃ ሹም አሁን በእውነት ፈራ፤ ስሙን በእውነት ለጣሊያን ሰጠ። ባንዳ መጥቶ የእማማ ውዴን ቤት አቃጠለ፣ በሬዎቹን ነዳ። እሳቸው ከደብሩ ቅጥር ተጠጉ። እኔ ለምኜ ያመጣሁትን እኩል እንካፈል ነበር። በሰጠኋቸው ቁጥር "ልጄን ያተረፍክልኝ፣ ልጅ ይውጣልህ" እያሉ ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ። አሜን ያልኩበት አፌ እንዴት አልተዘጋም? ልጃቸውን ሳያዩ ሞቱ፤ ጸሎተ ፍትሐታቸው ላይ ቆሜ አዜምኩ።

ጣሊያን ወጥቶ ደብረ ማርቆስ ነጻ በወጣች ጊዜ ቢያድግልኝ ጎፈሬውን አጎፍሮ፣ ጓዶቹን አስከትሎ እየፎከረ ላይ አምባ ገባ። አገሩ ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው፤ እኔም እንባዬ እየወረደ እልል ካሉት ጋር ነበርኩ። ለአቀባበሉ በተጣለው ግብር ላይ እጄን ይዞ አስነሣኝና "ይህ ሰው ባይነግረኝ ጣሊያን ሰቅሎኝ ነበር፤ ለዚህ ያበቃኝ እሱ ነው" አለ። ጭብጨባው ቀለጠ። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር የከፈትኩት፤ ግን "ክብሩ የእግዚአብሔር ነው" ብዬ ተቀመጥኩ።

ኋላ ከዳሱ ወጣ ብለን የገናው ሜዳ ዳር ስንቆም ክንዴን ያዘኝ። "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ያን ቀን እኔ ብኖር ታሸንፉን ነበር?" አለኝ እየሳቀ። እናቱ ሞተውበት፣ ቤቱ ተቃጥሎበት፣ ከእኔ የፈለገው ይህችን ብቻ ነበር። ምን አለበት ብሰጠው?

"እናሸንፋችሁ ነበር" አልኩት።

"አይ ተማሪ!" ብሎ ትከሻዬን መታ። አመነኝ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካችንን በወንድምነት ኖርን፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሣሁለት እኔ ነኝ። አምና አረፈ።

ወጣት ነበርኩ ብዬ አላመካኝም። በእኔ ውሸት ጀግና ወጣው የሚል ካለም ይተወው፤ ጀግንነቱ የራሱ ነው፤ የእኔ የተቃጠለው ቤት ነው። ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ፦ ያ እልልታ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ልቤ ይዘላል። የነፍስ አባቴ "ተጸጽተሃል?" ቢሉኝ ስለ እማማ ውዴ አዎን፤ ስለዚያች እሩር ግን ምን ብዬ እመልሳለሁ? ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለቱም አፈር ውስጥ ናቸው።

ለጠየቀኝ ሰው ግን መልሱን ልስጠው። ቢያድግልኝ፣ ወንድሜ፣ አናሸንፋችሁም ነበር።